ማኛ የትኛው ነው? የጤፍን ዝርያ ስለመለየት

ገበያ ወጥቶ «ማኛ አለ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት ነጭ ጤፍ፣ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያ መዝገብ ማኛ ተብሎ የተጻፈው ዝርያና ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ «ይህ ማኛ ነው» የሚለው አዝመራ ሦስቱም አንድ ነገር ናቸውን? አይደሉም። በገበያ ማኛ ማለት የንጣት ደረጃ ነው፤ ከየትኛውም ማሳ ይምጣ፣ ከሌላው ይልቅ የነጣው ስሙን ይወስዳል። በመዝገቡ ማኛ ማለት ቁጥሩ ዲዜድ-01-196 የሆነ፣ በ1978 ለገበሬው የተለቀቀ አንድ የተመረጠ ዝርያ ነው። በማሳው ላይ ግን ስሙ የሚሰጠው ለቆመው አዝመራ ነው፤ ለዛላው አወራረድ፣ ለመልኩ፣ ለመድረሻው ጊዜ፣ ከማን ጎተራ እንደ መጣም ለሚታወቀው ዘር። አንድ ቃል በሦስት ቦታ ሦስት ፍች ከያዘ፣ ቃሉን ብቻ ይዞ የሚሰበስብ ሰው ምን እንደ ሰበሰበ በትክክል አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ሰዎች ይህን ችግር ለመፍታት እንዴት እንደ ደከሙ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የምርምሩ መዛግብት በዚሁ አቆጣጠር ስለ ተያዙ፣ እየቀያየሩ አንባቢን ከማደናገር ይህ ይሻላል ብዬ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ወጣ ያለ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ «ጤፍንና ምህንድስናን ምን አገናኛቸው?» የሚል የሥራ ባልደረባ እንደማይጠፋ ዐውቄአለሁ። መልሴ አጭር ነው። አንዱን ነገር ከሌላው መለየት የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ የትኛው ምልክት አስተማማኝ ነው፣ የትኛውስ በመለኪያው ስሕተት ውስጥ ይሰወራል የሚለው ጥያቄ ለአፈር ናሙናም ለጤፍ ዛላም እኩል ይነሣል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በጥቅምትና በኅዳር ግራና ቀኙ ጤፍ ነው። የቢቸናው ዋልካ፣ ማለትም በክረምት የሚያብጠው በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር፣ ለመንገድ ሠሪ ያን ያህል ጠላት የሆነውን ያህል ለጤፍ ወዳጅ ነው። ውኃ ሲተኛበት ሌላው እህል ቢጫ ሆኖ ሲቀር ጤፍ ይቋቋመዋል። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በዚሁ መንገድ ስመላለስ ባለማሳውን እያስፈቀድሁ ዛላ በመልቀም፣ በወረቀት መካከል በማድረቅና በማወዳደር ቆይቻለሁ። ለመናገር ያለኝ ሥልጣን ይኸው ብቻ ነው፤ የዕፅዋት ሊቅ አይደለሁም።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሚሊሜትር ገደማ፣ ስፋቱም ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። 1,000 ፍሬ ቢመዘን 0.3 ግራም ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል ጤፍ ከ300 ሚሊዮን በላይ ፍሬ ይይዛል። በአንድ ሄክታር ላይ 30 ኪሎ በብተና የሚዘራ ገበሬም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10,000 ያህል ፍሬ ያሳርፋል ማለት ነው። ሕዝቡ የእህሉ ስም «ጠፋ» ከሚለው ቃል መጣ ሲል የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእጅ ካመለጠ አይገኝምና።

ከዚህ ሒሳብ የሚከተለው ነገር ለሰብሳቢ ከባድ ነው። ፍሬው ደካማ ምስክር ነው። ካሊፐር ይለካዋል፤ ነገር ግን በአንዱ ዛላ ላይ ያሉት ፍሬዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ሁለት ዝርያዎች ከሚለያዩት ብዙ ጊዜ አያንስም። የሚቀረው ቀለሙ ነው። ቀለሙም ቢሆን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው ያሉት፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሰርገኛ፣ ከነጭም የላቀው ማኛ። ነጋዴው ከዚህ የበለጠ ቃል አያስፈልገውም። ስለዚህ ጤፍ ተወቅቶ፣ ተበጥሮ፣ በጆንያ ገብቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ ሊሰበስበው የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ልዩነቱ የተነጠቀ እህል ነው። የዝርያው ማንነት በአውድማው ላይ ከጭዱ ጋር ቀርቷል።

ይህ ነገር ለውጭ ሰዎች የተገለጸው ቀስ በቀስ ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ግሽ ዐባይ በወጣበት ዘመን ጤፍን አይቶ በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ገልጾታል። በሳይንሳዊ ስም መጀመሪያ ያሳተመው ግን ጣሊያናዊው ዙካኒ ነው፤ በ1775 በፍሎረንስ ከተማ ስለዚህ የአበሻ የእንጀራ እህል አንድ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በሳይንስ የሚታወቅበትን ስም፣ ኤራግሮስቲስ ጤፍ የሚለውን፣ በ1918 ያጸደቀው ሌላው ጣሊያናዊ ትሮተር ነው። በመካከሉ በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን አጠገብ ያለው የኪው የዕፅዋት መናፈሻ ዘሩን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች አሠራጨ። በደቡብ አፍሪካም በርት ዴቪ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንዲስፋፋ ረዳ። በዚያ አገር ጤፍ እስከ ዛሬ በሰፊው ይበቅላል፤ የሚበቅለው ግን ለከብትና ለፈረስ ድርቆሽ ነው። እንጀራ የማይጋግር አገር ማኛን ከሰርገኛ የሚለይበት ምክንያት የለውም። የመለየቱ ዕውቀት የሚኖረው ልዩነቱ ዋጋ ባለው ቦታ ብቻ እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ወደ አገራችን በመጡት ሰብሳቢዎች መካከል አስተሳሰቡ ለእኔ የሚቀርበኝ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። በ1927 አዲስ አበባ ገብቶ፣ በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን አግኝቶ፣ ከዚያም በበቅሎ ዐባይን ተሻግሮ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አሥመራ ደረሰ። ቫቪሎቭ ከዚህ ጉዞ አስቀድሞ፣ በ1920፣ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተቀራራቢ የሆኑ ዕፅዋት የሚለያዩባቸው ጠባዮች ተመሳሳይ ረድፍ ይዘው ይደጋገማሉ የሚል ነው። ስለዚህ አንዱ የስንዴ ወገን ጢም ያለውና ጢም የሌለው ዓይነት ካለው፣ የሌላውም ወገን ጢም የሌለው ዓይነት የሆነ ቦታ መኖር አለበት፤ ካልታየም ገና ስላልተፈለገ ነው። ጢም አልባ ጠንካራ ስንዴ በአክሱም አካባቢ ባገኘ ጊዜ ባዶ የነበረው የሠንጠረዡ ሳጥን ሞላ። ሜንዴሌዬቭ ገና ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች ቦታ ለይቶ እንደ ጠበቀ ያለ ሥራ ነው። ሰብሳቢ የሚያስደንቀውን ብቻ የሚለቅም ሰው ሳይሆን የጎደለውን ዐውቆ የሚፈልግ ሰው መሆኑን ቫቪሎቭ አስተምሯል። እርሱ ራሱ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ፤ ምን እንደ ፈጸመበት ያ መንግሥት የታወቀ ነውና አልዘረዝረውም።

ስንዴና ገብስ የውጭ ሰብሳቢዎችን ቀልብ ሲስቡ ጤፍ ግን የራሱን ሰዎች ጠበቀ። በ1950ዎቹ የተጀመረው የጤፍ ምርምር በኋላ በደብረ ዘይት ጠና። በ1965 መልአከ ኃይል መንገሻ ከሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ጋር በጤፍ ጠባዮች መለያየትና መተሳሰር ላይ ያሳተመው ጥናት በዓለም አቀፍ መጽሔት ከወጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የመለየቱን ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ በወረቀት ላይ ያሳረፈው ታደሰ ኤባ ነው። በ1975 በደብረ ዘይት ጣቢያ ኅትመትነት የወጣው የጤፍ ዝርያዎች ዝርዝሩ 35 ዝርያዎችን በዛላቸው ቅርጽ፣ በልባሳቸውና በፍሬያቸው ቀለም፣ በአገዳቸውና በሌሎችም የአካል ምልክቶች ለያይቶ ይገልጻል። እኔ ይህን ዝርዝር የማየው አንድ ጥሩ የሥራ ዝርዝር መግለጫን በማይበት ዓይን ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን በተለያየ ማሳ ቆመው አንድ መልስ ላይ እንዲደርሱ ያደርጋል።

የዝርዝሩን ስሞች ብቻ ማንበብ ትምህርት ነው። ማኛ አለ፤ እናቲት፣ አዳ፣ ቡንኝ፣ ዳቢ አሉ። ጌአ ላሚና ቱሉ ነሲ አሉ። ጎፋሬ አለ፤ ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያልተበጠረ ጠጉር ይታየዋል። ጎራዴ አለ። ጃኖ አለ፤ ይህም ስም የሚያስታውሰው ባለ ቀይ ጥለቱን የክብር ልብስ ነው። ከእነዚህ ጎን ደግሞ አልባ፣ ሮዜያ፣ ፑርፑሬያ፣ ቪሪዲስ የሚሉ የላቲን ስሞች ተሰልፈዋል፤ ነጭ፣ ጽጌረዳማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ እንደ ማለት ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ዙካኒያናና ትሮተሪያና ይባላሉ፤ ከላይ የጠቀስኋቸው ጣሊያናውያን መታሰቢያ ናቸው። ገበሬው ዛላውን ከጠጉር፣ ከሰይፍ፣ ከልብስ ጋር አመሳስሎ በአንድ ቃል ቅርጽንና መልክን ሲያስይዝ፣ ላቲኑ ቀለሙን ብቻ ያዘ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የገበሬው አሰያየም ይበልጣል፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እገልጻለሁ።

አንድ ሰው ጤፍን ለመለየት ወደ ማሳ ሲገባ በመጀመሪያ ማየት ያለበት ዛላውን ነው። የሊቃውንቱ አመዳደብ በአጭሩ አራት ቅርጽ ያውቃል፤ በጣም የታጨቀ፣ ከፊል የታጨቀ፣ ከፊል የተበተነ፣ በጣም የተበተነ። በጣም የታጨቀው ቅርንጫፎቹ በዋናው ዘንግ ላይ ተጣብቀው እንደ ጅራት ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣም የተበተነው በየአቅጣጫው ተዘርግቶ፣ ሲያፈራም ወደ ታች አጎንብሶ፣ በነፋስ እንደ ጢስ ይንሳፈፋል። በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች ላይ የሚሳሳት የለም። ጭንቁ በመካከል ነው። ከፊል የታጨቀውን ከፊል ከተበተነው ለመለየት ዛላው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ፍሬ መቋጠር ከጀመረ በኋላ መታየት አለበት። ገና ከቅጠሉ ልባስ እየወጣ ያለ ዛላ ሁሉ የታጨቀ ይመስላል። አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድም አይገባም፤ ከማሳው መካከል፣ ከዳሩም፣ ጥቂት ዛላዎችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የፍሬው ልባስ ቀለም ነው፤ ልባስ የምለው እያንዳንዱን ፍሬ አቅፎ የሚይዘውን ስስ ቅርፊት ነው። ይህ ቢጫማ ነጭ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ዝንጉርጉር ሊሆን ይችላል። አንድን ማሳ ከሩቅ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ አስመስሎ የሚያሳየው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የልባሱ ቀለምና የፍሬው ቀለም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን አያስከትልም። ሐምራዊ ሆኖ የቆመ ማሳ ሲወቃ ነጭ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «ቀይ ጤፍ» የሚለው ቃል በማሳ ሲነገርና በገበያ ሲነገር ሌላ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ደግሞ ጊዜ አለው። አዝመራው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሁሉም ወደ ገለባ መልክ ይጠጋልና ከዚያ አስቀድሞ መታየት አለበት። በሞጣ አካባቢ ይህ ጊዜ በጥቅምት አጋማሽና በኅዳር መካከል ይውላል፤ የተዘራበት ቀንና አፈሩ ያስቀድመዋል ወይም ያዘገየዋል።

ሦስተኛው ፍሬው ነው፤ ይህን ከላይ ደካማ ምስክር ብየዋለሁ፤ ሆኖም ከሁለቱ ጋር ሲቆም ይጠቅማል። ቁመትና የዛላ ርዝመትን ግን በመጠንቀቅ እንጂ በፍጹም ልብ አላምናቸውም። አንዱ ዘር በዋልካ ላይና በቀይ አፈር ላይ፣ በጊዜ ሲዘራና ዘግይቶ ሲዘራ ቁመቱ ይለዋወጣል። ቅርጹና የልባሱ ቀለም ግን አይለወጥም። ጎፋሬ፣ ጎራዴ፣ ጃኖ የሚሉት ስሞች የሚይዙት እነዚሁኑ የማይለወጡትን ምልክቶች በመሆኑ ነው የገበሬውን አሰያየም የመረጥሁት። የመድረሻ ቀንም ትልቅ ምልክት ነው፤ ከሁለት ወር ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ የሚደርሱ ቀደምት ዘሮች አሉ፤ ከአራት ወር በላይ የሚቆዩም አሉ። ነገር ግን ይህን ለማወቅ መቼ እንደ ተዘራ መጠየቅ ግድ ነው። አንድ ዕድሜ የጠገቡ ገበሬ ዛላ ይዤላቸው ስቀርብ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ይህን መቼ ዘሩት አሉህ?» ብለው ነው፤ ከዚያ በፊት ስም አልሰጡትም።

ሰብሳቢን የሚያስቸግር አንድ ነገር ደግሞ የዱር ዘመዱ ነው። ኤራግሮስቲስ ፒሎዛ የሚባለው ሣር የጤፍ አባት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚገመት ነው፤ በማሳ መካከል በቅሎ ሲታይ ቀጭን ዛላ ያለው ልዩ የጤፍ ዝርያ ይመስላል። የሚለየው በእጅ ነው። የዱሩ ሣር ሲበስል ዛላው በመዳፍ ቢታሽ ፍሬው ይረግፋል፤ ጤፍ ግን ይዞ ይቆያል። ሰው ይህን እህል ያላመደበት ዋናው ለውጥ ይኸው አለመርገፉ ነው። ያልተለመደ ዛላ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ስሙን ከመጻፉ በፊት በመዳፉ ይፈትነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ በጤፍ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መምረጥ ብቻ ነበር። ከገበሬው ዘር መካከል የተሻለውን ለይቶ ማባዛት እንጂ ሁለቱን ማዳቀል አልተቻለም ነበር፤ አበባው እጅግ ትንሽ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሲከፈትም ያየው አልነበረም። ይህን በር የከፈተው ታረቀ በርሄ ነው። የጤፍ አበባ በማለዳ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው አጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደርሶበት ዘዴውን በ1975 አሳተመ። ታደሰ ኤባ 35ቱን ዝርያዎች ለያይቶ ባቀረበበት በዚያው ዓመት ታረቀ በርሄ ዝርያዎቹን የማቀላቀያውን መንገድ ማቅረቡ አጋጣሚ ነው፤ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ያልተለየ ነገር አይዳቀልም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በ1995 የተለቀቀው ዱከም፣ በቁጥሩ ዲዜድ-01-974፣ ምርቱ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ንጣቱ ገበያው እንደሚፈልገው አልሆነም። ማኛ ደግሞ ንጣቱ ሳይጎድል በምርት ያንሳል። ሁለቱ ተዳቅለው ከልጆቻቸው የተመረጠው በ2006 ቁንጮ ተብሎ ተለቀቀ። ቁንጮ እንደ ስሙ አናት ላይ ወጣ፤ በምሥራቅ ጎጃምም በሰፊው ተዘራ። ገበሬውን አልወቅስም፤ ምርት ጨምሮ፣ ነጭ ሆኖ፣ በማኛ ዋጋ የሚሸጥ ዘር የማይዘራ ማን ነው? ነገር ግን ገበያው የሚከፍለው ለንጣት ብቻ እስከ ሆነ ድረስ፣ ሐምራዊው ልባስም የታጨቀው ዛላም ዋጋ የላቸውም። ገዢው አያያቸውምና። በእኛ ማሳዎች ዳር ዳሩን ስዞር በአንዱ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዛላ ተቀላቅሎ የማየው ብዙ ጊዜ የአሮጌ ጎተራ ዘር በሚዘሩ ሰዎች ቦታ ነው። አንዱ መልክ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የሚታይበት ማሳ እየበዛ ነው።

ይህ ሥጋት ቀድሞ ታስቦበታል። በ1976 በኢትዮጵያና በምዕራብ ጀርመን መንግሥታት ስምምነት የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረቱ ያ ነው። ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1980ዎቹ ድርቅ ጊዜ የዘር እህል እየተበላ ባለበት ሰዓት የገበሬውን ዘር ለማዳን ባደረጉት ጥረት ይታወቃሉ። ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ እንዳይቀር፣ በገበሬው ማሳ እየተዘራ እንዲኖርም ተከራከሩ። በ1989 የተቀበሉት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ለዚሁ ነው። ከዚያ ክምችት ውስጥ ዛሬ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙና አለ። የሰይፉ ከተማ በ1997 የወጣው የጤፍ መጽሐፍም ይህን ሀብት ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። ሆኖም ናሙና ማለት በከረጢት ያለ ፍሬ ነው። ከረጢቱ ሲሞላ ዛላው ካልተመዘገበ፣ ምን እንደ ያዘ ለማወቅ እንደ ገና ዘርቶ ማየት ያስፈልጋል። 5,000 ናሙና ዘርቶ በአራት ወር ጊዜ አንድ በአንድ መመልከት ምን ያህል ሰውና መሬት እንደሚጠይቅ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም።

ስለ ጤፍ መብት የተደረገውን ክርክር የማያስታውስ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ተቋም ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ ኩባንያው በ2009 ከሠረ፤ በ2007 የተሰጠው የአውሮፓ ፓተንት ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሻረው። በብዙ ጽሑፎች «ጤፋችን ተሰረቀ» ተብሎ ሲነገር ፓተንቱ አንድ ዝርያ የያዘ ይመስላል። የያዘው ግን የዱቄቱን ጠባይና አሠራር ነበር፤ ዝርያ ለይቶ ባለመጥራቱ ሁሉንም አንድ ላይ ሊነካ ቻለ። ነጋዴው «ነጭ» ብሎ ሁሉን በአንድ ጆንያ እንደሚጨምረው ማለት ነው።

መለየት አንድ ቀን ምን እንደሚያስገኝ የዳቢ ታሪክ ያሳያል። ታደሰ ኤባ በ1975 ከዘረዘራቸው 35 አንዱ ዳቢ ነበር። በ2014 መጀመሪያ የታተመው የጤፍ ሙሉ የዘር ምሥጢር ንባብ የተሠራው ፀደይ በተባለው ዝርያ ላይ ነው፤ በ2020 በይበልጥ የተሟላው ንባብ ሲወጣ ግን የተነበበው ዳቢ ነበር። በጤፍ ውስጥ 40 ክሮሞዞሞች እንዳሉና ሁለት የጥንት ሣሮች ተዋሕደው እንደ ፈጠሩት ይህ ንባብ በዝርዝር አሳይቷል። ከገበሬ አፍ ተሰምቶ በደብረ ዘይት ኅትመት የተጻፈ ስም ከ45 ዓመት በኋላ ባሕር ማዶ ላለ ላቦራቶሪ አድራሻ ሆነ። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ያ ዘር ቁጥር ብቻ ይሆን ነበር።

ከሙያ ባልደረቦቼ ብዙዎቻችን በጥቅምትና በኅዳር በመንገድ ላይ ነን። ከሞጣ ወደ ዐባይ ወርዶ ሰባራ ድልድይን ለማየት የሚሄድ መሐንዲስ እንኳ ያንን የዐፄ ፋሲል ዘመን የድንጋይ ቅስት ከማግኘቱ በፊት በብዙ የጤፍ ማሳ ዳር ያልፋል። ለመለየት የሚፈልግ ካለ የማደርገውን ልንገረው። ባለማሳውን አስፈቅዶ፣ ከአንዱ ዓይነት አምስት ዛላ ከነአገዳው ይቁረጥ፤ አይውቃው። ፕላስቲክ ያሻግታልና በወረቀት ፖስታ ያስቀምጠው። በፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ አፈሩ ዋልካ ወይም ቀይ መሆኑን፣ የተዘራበትን ሳምንትና የልባሱን ቀለም በዚያው ሰዓት ይጻፍ። የሰማውን ስም ሳያርም፣ በተናጋሪው አነጋገር ይጻፍ፤ «ማኛ» ካሉት ማኛ ብሎ፣ ሌላ ካሉትም ሌላውን። ከዚያ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ያሳውቅ። ዘሩን ከአገር ማውጣት ግን በአዋጅ ቁጥር 482/2006 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ መሆኑን ልብ ይሏል።

እኔ ራሴ የምይዘው ሠንጠረዥ ቀላል ነው። አራት የዛላ ቅርጽ፣ አራት የልባስ ቀለም፣ ሦስት የፍሬ ቀለም፤ ተባዝተው 48 ሳጥን ይሆናሉ። ከግማሽ ያነሱት ተሞልተዋል። ባዶዎቹ ሁሉ በተፈጥሮ ይኖራሉ ብዬ አልከራከርም፤ የቫቪሎቭ ሐሳብ ግን ከመፈለጉ በፊት «የለም» እንዳይባል ያስገድዳል። በቢቸናና በሞጣ መካከል በጣም የታጨቀ ዛላ፣ ሐምራዊ ልባስ፣ ነጭ ፍሬ ያለው ጤፍ ያየ ባልደረባ ቢኖር አድራሻዬ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ያ ሳጥን እስከ አሁን ባዶ ነው።